«የዲኤንኤ ኮምፒውተር ላፕቶፕን ሊተካ ነው» ለምትሉኝ

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ቡና ስንጠጣ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ «ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ እንዳይገባ ልመክረው ነው፤ ራሱን በራሱ የሚገጣጥም የዲኤንኤ ኮምፒውተር ሊመጣ ነው አሉ» አሉኝ። ውሎዬ ከቡና ቅጠል ዲኤንኤ ማውጣት ስለሆነ ይህን ወሬ ይዞ የማይመጣብኝ የለም። ታክቶኛል። የዲኤንኤ ኮምፒውተር ማለት ስሌቱን በኤሌክትሮኒክ ቺፕ ሳይሆን ቱቦ ውስጥ እርስ በርስ በሚጣመሩ የዲኤንኤ ክሮች የሚሠራ ነው።

«ዲኤንኤ ከሆነ ሕይወት አለው።» የለውም። አይበላም፣ አይራባም፤ አብዛኛው በማሽን የሚሠራ ኬሚካል ነው።

«ከላፕቶፕ ይፈጥናል።» የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌናርድ አድልማን በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የዲኤንኤ ስሌት አሳዩ። ጥያቄው ሰባት ከተሞችን አንዱንም ሳይደግሙ የሚያዳርስ መንገድ ማግኘት ነበር፤ ከጅማ ተነስቶ አጋሮን፣ በደሌን፣ መቱን እያሉ እንደ መሄድ። እርሳስና ወረቀት የያዘ ተማሪ በደቂቃዎች ይፈታዋል። ላቦራቶሪው ግን ሰባት ቀን ያህል ወሰደበት። ሞለኪውሎቹ መንገዶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞክረዋል፤ ጊዜውን የበላው ትክክለኛውን መልስ ከተሳሳተው መለየቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት 130 የዲኤንኤ ክሮች የትንንሽ ቁጥሮችን ስኩዌር ሩት አወጡ፤ ይህም ሰዓታት ፈጀ። ታዲያ ምን ይሠራል? የተለመደው የሲሊከን ቺፕ የማይገባበት ቦታ ይገባል። ተመራማሪዎች የሚደክሙት በሰውነት ውስጥ የበሽታ ምልክት ለይቶ መድኃኒቱን እዚያው ለሚለቅ ሞለኪውል ነው።

«ራሱን ከገጣጠመ ሰው አያስፈልገውም።» ዲኤንኤ ከተሠራባቸው አራት «ፊደላት» ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ይጣመራል፤ የትኛው ክር የት እንደሚገጥም ግን አስቀድሞ የሚያቅደው ሰው ነው። ተመራማሪው ፖል ሮትመንድ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ረጅም የቫይረስ ዲኤንኤ ከ200 በላይ በሆኑ አጫጭር ክሮች አጣጥፈው ፈገግ ያለ ፊት የሠሩት ንድፉን በተራ ኮምፒውተር አውጥተው ነው።

እጅም ይፈልጋል። አጭሩ ዲኤንኤ ደርቆ ነው የሚመጣው፤ ቱቦው ውስጥ ለዓይን የማትሞላ ነጭ ቅንጣት ናት። አምና አንዲት ተማሪዬ ቱቦውን በሴንትሪፊውጅ፣ ማለትም በፍጥነት አሽከርክሮ በውስጡ ያለውን ወደ ታች በሚያወርደው ማሽን፣ ሳታሽከረክር ክዳኑን ከፈተችው። ቅንጣቷ በረረች፤ ለወራት የጠበቅነው ዕቃ በአንድ ትንፋሽ ጠፋ። እባካችሁ፣ መጀመሪያ አሽከርክሩ፣ ከዚያ ክፈቱ።

ጎረቤቴንም «ጋሼ፣ አድልማን ራሳቸው የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው ናቸው» አልኳቸው። «ልጁ ይግባ፤ ኬሚስትሪውንም አይተው። ቅዳሜ ወደ እኔ ይላኩት፣ ቱቦ አያያዝ አሳየዋለሁ።»