ቪታሚን ቢ12 ምንድን ነው? ሥጋ ለማይበላ ሰውስ ለምን አስፈለገ?

ሥጋ በመብላትና ባለመብላት ላይ ክርክር ሲነሳ ሁሉም ቀድሞ የሚያነሳው ፕሮቲንን ነው። እኔን ፕሮቲኑ ያን ያህል አያሳስበኝም። ጥራጥሬና እህል እያፈራረቀ ጠግቦ የሚበላ ሰው ፕሮቲን አያጣም። የሚያሳስበኝ ቢ12 ነው።

ቢ12 ሰውነታችን ቀይ የደም ሴል ለመሥራትና ነርቮችን በጤና ለማቆየት የሚጠቀምበት ቪታሚን ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያህል ይበቃዋል። ከአንዲት የጨው ቅንጣት በብዙ ያነሰ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ቢ12ን ላሟም ሆነች በጉ አይሠሩትም። የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ላም ሣር ስትግጥ ሆዷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከሣሩ ጋር የገባውን ኮባልት የተባለ ማዕድን ተጠቅመው ቢ12 ይሠራሉ፣ እሷም ጉበቷ ውስጥ ታከማቸዋለች፣ ወደ ሥጋዋና ወደ ወተቷም ይገባል። እኛም አንጀት ውስጥ ይህን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ግን ያሉት ታች ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው፣ ቪታሚኑ ወደ ደም የሚገባበትን ቦታ ካለፈ በኋላ። ስለዚህ አይደርሰንም።

ወተትና እንቁላል አዘውትሮ የሚመገብ ሰው ከዚያ ሊያገኝ ይችላል። ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማይቀምስ ግን ኪኒን ወይም ቢ12 የተጨመረበት ምግብ የግድ ያስፈልገዋል። ስፒሩሊና የሚባለው ውኃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ይበቃል የሚሉ አሉ፣ አትስሟቸው። እሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ቢ12ን የሚመስል፣ ለሰው የማይሠራ ነገር ነው።

አደገኛነቱ ቀስ ብሎ መምጣቱ ላይ ነው። ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ፣ ሥጋና ወተት ያቆመ ሰው ሁለት ዓመት ቆይቶ «ይኸው ምንም አልሆንኩም» ሊል ይችላል። ከዚያ ድካሙ ይጀምራል፣ ፊት ይገረጣል፣ የእግር ጣት ይደነዝዛል፣ መርፌ መርፌ ይላል። ቅጠላ ቅጠል የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ፎሌት የተባለውን ሌላ የቢ ቪታሚን በደንብ ስለሚያገኝ የደም ማነሱ ሊደበቅለት ይችላል፤ ነርቩ ግን መጎዳቱን አያቆምም፣ ከቆየም ላይመለስ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይህን ችላ እንዳትል አደራ እላለሁ፣ ሕፃኑ የሚያገኘው ከእሷ ነውና።

ሥጋ በላተኛውም አያመልጥም። ቪታሚኑ እንዲመጠጥ ጨጓራ የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ያስፈልጋል። እሱ ከጠፋ ሥጋ ቢበሉም ደም ያልቃል፤ ይህ በሽታ ድሮ ይገድል ነበር። በ1926 (እ.ኤ.አ.) ማይኖትና መርፊ የተባሉ ሐኪሞች በየቀኑ ብዙ ጉበት እያበሉ በሽተኞችን አዳኑ፣ በ1934 ዊፕል ከተባለ ሌላ ተመራማሪ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ጉበቱ ውስጥ የነበረው ቢ12 ተነጥሮ የወጣው በ1948 ነው። ዕድሜያቸው የገፋና ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ምንም ይብሉ ምን በደም ምርመራ ቢያዩት ጥሩ ነው።

«ኪኒን ከዋጥኩማ አመጋገቤ ተፈጥሯዊ አይደለም» ብለው የሚከፉ አሉ። ኪኒኑ ውስጥ ያለውንም የሚሠሩት በትላልቅ ጋኖች ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው።