ቅን ፍርድ በክርስትና ትምህርት

ቅን ፍርድ በክርስትና ትምህርት የሰውን ሥራ በመልኩ፣ በሀብቱ፣ በወገኑ ወይም በሚወራበት ሐሜት ሳይሆን በእውነት መመዘን ነው። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ አብዝቶ የሚጠቀሰው «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ» (ማቴ. 7፥1) የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ብቻውን ተነጥሎ ሲነገር ክርስቲያን ክፉውን ከደጉ እንዳይለይ የተከለከለ ያስመስላል። ይሁን እንጂ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 5 ላይ፣ አስቀድሞ ከገዛ ዓይኑ ምሰሶውን ያወጣ ሰው ከወንድሙ ዓይን ጉድፉን ለማውጣት አጥርቶ እንደሚያይ ተነግሯል። ስለዚህ የወንድምን ጉድፍ ማውጣት አልተከለከለም፤ የተከለከለው የራስን ምሰሶ ተሸክሞ በሌላው ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጥ ነው።

ትምህርቱ በግልጽ የተቀመጠው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ነው። ጌታ 38 ዓመት የታመመውን ሰው በሰንበት በመፈወሱ ሲከሰስ፣ ከሳሾቹ ራሳቸው ሕጉን ለመጠበቅ ሲሉ በሰንበት እንደሚገርዙ አስታውሶ «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» አላቸው። በዚሁ ምዕራፍ መጨረሻ ኒቆዲሞስ፣ ሕጉ አስቀድሞ ሰውየውን ሳይሰማና ያደረገውን ሳያውቅ ይፈርድበት እንደሆነ ባልንጀሮቹን ይጠይቃል። ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲነበቡ የቅን ፍርድ ሥርዓት ይገኛል፤ ተከሳሽ ይሰማል፣ ሥራው ይመረመራል፣ ፈራጁም ለራሱ በሚፈቅደው ሚዛን ሌላውን ይመዝናል። የብሉይ ኪዳን ሕግም በዘሌዋውያን 19፥15 ለድሀ ማድላትንም ባለጸጋን ማክበርንም በአንድነት ይከለክላል፤ ርኅራኄ የሚመስል አድልዎም ቢሆን አድልዎ ነውና።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰው በመልካም ስፍራ ሲቀመጥ፣ እድፋም ልብስ የለበሰው ድሀ ግን «ወደዚያ ቁም» ሲባል ያሳያል። ወቀሳው የተሰነዘረው በምእመናን ጉባኤ ውስጥ ለሚደረገው ነገር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በሌላ በኩል ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ የተፈጸመውን ግልጽ ነውር ማኅበሩ ዝም ብሎ እንዳያልፈው አዝዟል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ደግሞ የበደለ ወንድም መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች ባሉበት፣ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያን ፊት እንዲነገረው ይደነግጋል። በአደባባይ ማዋረድ የመጀመሪያው እርምጃ ሆኖ አያውቅም።

በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የገዳም አባትና መምህር የጋዛው ዶሮቴዎስ ጉዳዩን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። «እገሌ ዋሸ» ማለት ሐሜት ነው፤ «እገሌ ውሸታም ነው» ማለት በሰውየው ሕይወት ሁሉ ላይ መፍረድ ነው፤ ሰውየውን በልብ መናቅ ደግሞ ከሁለቱም ይከፋል። ጭፍን ጥላቻ የሚጀምረው በትክክል እዚህ፣ ከአንዱ ጥፋት ተነሥቶ ሰውየውን በሙሉ መኮነን ላይ ነው።

ይህን ትምህርት በኑሮ ያሳየው በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ የኖረው አባ ሙሴ ጸሊም ነው። ትውልዱ ኢትዮጵያዊ እንደነበር ይነገራል፤ ከመመንኮሱ በፊትም የወንበዴዎች አለቃ ነበር። ቅስና ተቀብሎ ነጭ ልብስ በለበሰ ጊዜ ሊቀ ጳጳሳቱ አሁን ፈጽመህ ነጣህ ቢለው፣ ውጩስ ነጥቷል፤ ውስጡን የሚያይ ጌታ ግን ምን ይላል ሲል መለሰ። ከዚያም ሊፈትኑት ካህናቱ ወደ መቅደስ ሲገባ በጥቁረቱ ሰድበው አባረሩት፤ እርሱም ራሱን እየወቀሰ ወጣ። ትሕትናው የሚደነቅ ቢሆንም፣ ፈተናው የሰውን የቆዳ ቀለም መሣሪያ ማድረጉ ዛሬ ለሚያነብ ሰው ልብ ይሰብራል። ይኸው አባት አንድ መነኩሴ አጥፍቶ ጉባኤ በተጠራ ጊዜ አልሄድም አለ። ደጋግመው ቢልኩበት የተቀደደ ዕቃ አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ አሸዋውም በኋላው ይፈስ ነበር። ምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ኃጢአቴ በኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ ግን አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ጥፋት ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት። ቤተ ክርስቲያን በዓሉን ሰኔ 24 ታከብራለች።

በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት ሥርዓት ሆኖ የተቀመጠው በፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ 22 መንፈሳዊና 29 ሥጋዊ፣ በድምሩ 51 አንቀጾች ያሉት ሲሆን፣ ዳኛ በተከራካሪዎች መካከል እንዳያዳላና መማለጃ እንዳይቀበል ያስተምራል። የንስሐ አባትም የሰማውን ኑዛዜ ለማንም አይገልጥም፤ ኃጢአቱን የተናገረ ሰው ለሐሜት አይጋለጥም።

ትምህርቱ በጽሑፍ የታወቀውን ያህል በኑሮ አልሰመረም። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው በአንዱ ጥምቀት ተጠምቀው ከአንዱ ጽዋ እየተቀበሉ፣ በጋብቻ ጊዜ ግን «ዘራቸው» እየተጠየቀ ለረጅም ዘመን ተንቀዋል፤ አንዳንዶቹም «ቡዳ» ተብለዋል። ይህ ያዕቆብ የወቀሰው አድልዎ ነው፤ የባህል ስም ስለተሰጠውም ከአድልዎነቱ አይወጣም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ይመሰክራል፤ በየአጥቢያው ያለው ካህንም ተጋቢዎች በሙያና በትውልድ ምክንያት ሲለያዩ በዝምታ ማለፍ የለበትም።