በሐሳብ መራመድን መለማመድ፦ ህብለ ሰረሰራቸው ለተጎዳ ሰዎች የሚሰጠው የአንጎልና የኮምፒውተር ሥልጠና

ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው አንጎሉ ማዘዙን አያቆምም። እግሩን «ተነስ» ይለዋል፤ ትእዛዙ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። የአንጎልና የኮምፒውተር ግንኙነት የሚባለው ቴክኖሎጂ ያንን ትእዛዝ ከምንጩ ለቅሞ ለማሽን ያቀብላል። ማሽኑ የኮምፒውተር ጠቋሚ፣ የሮቦት ክንድ ወይም እንደ ልብስ የሚለበስ ሮቦት ሊሆን ይችላል። ዜና የሚሠራው ማሽኑ ነው፤ ወራት የሚፈጀው ግን ሥልጠናው ነው። (ጸሐፊው ፊዚዮቴራፒስት ስለሆነ ትንሽ ቢያዳላ አይፈረድበትም።)

ምልክቱ የሚወሰደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚለቅም ትንሽ መሣሪያ (ኤሌክትሮድ) በቀዶ ሕክምና መትከል ነው። ሁለተኛው የኢኢጂ ቆብ ይባላል፤ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት ከራስ ቆዳ ላይ ይለቅማል፣ ራስ ቅል አይከፈትም። ቆቡ ይጠለቃል፣ በየኤሌክትሮዱ ሥር ጄል ይገባል፣ ፀጉር ይጨማለቃል። ሠልጣኙ ጥርሱን ከነከሰ ወይም ዓይኑን ካርገበገበ የጡንቻው ምልክት የአንጎሉን ይውጠዋል። ስለዚህ ፊቱን ዘና አድርጎ፣ እጁን ወይም እግሩን እያንቀሳቀሰ እንደሆነ ያስባል። ከሩቅ ሆኖ ራሱን እንደ ፊልም ማየት ብዙ አይረዳም። እንቅስቃሴውን ከውስጥ ለመሥራት መሞከር አለበት። ይህ ደግሞ ያደክማል።

በሰው ላይ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች በጣም የሚታወቀው የአሜሪካዊው ማቲው ኔግል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባለ 96 ኤሌክትሮድ መሣሪያ ተተክሎለት፣ በሐሳቡ ጠቋሚ እያንቀሳቀሰ ኢሜይል ከፍቷል።

ሥልጠናው ራሱ በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው ግን ሳኦ ፓውሎ፣ ብራዚል ነው። ፕሮጀክቱን የመሩት የነርቭ ሳይንቲስቱ ሚጌል ኒኮሌሊስ ናቸው። ብዙዎቻችን ሳናውቀው አይተነዋል። ሰኔ 2014 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ሲከፈት ጁሊያኖ ፒንቶ የሚባል ወጣት ሮቦት ለብሶ ኳስ መታ። ቴሌቪዥኑ ያሳየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ይሄ ሁሉ ወጪ ለዚህ ነው ወይ ያሉ ነበሩ። ልምምዱን ቢያዩ ኖሮ እንዲህ ባላሉ።

ሠልጣኞቹ ስምንት ነበሩ። ከተጎዱ ከ3 እስከ 13 ዓመት ሆኗቸዋል። በ12 ወር ውስጥ 2,052 ክፍለ ጊዜ ሠርተዋል፤ በሰዓት 1,958 ይሆናል። መጀመሪያ ተቀምጠው፣ የኢኢጂ ቆብና የምናባዊ ዓለም መነጽር አድርገው፣ ስክሪን ውስጥ ያለን ሰው መሰል ምስል (አቫታር) በሐሳብ ያራምዱ ነበር። ቀጥሎ ያንኑ ቆመው ሠሩ። ከዚያ ሰውነታቸው በማንጠልጠያ ተደግፎ ትሬድሚል ላይ ወጡ። የሚለበሰው ሮቦት የመጨረሻው ደረጃ ነው። ስለ እግር አስቡ ሲባሉ መጀመሪያ ላይ አንጎላቸው ጥርት ያለ ምልክት አልሰጠም። ስለዚህ በክንድ ጀመሩ፤ ግራ ክንድን ማሰብ ግራ እግርን ያራምዳል። የእግሩ ሐሳብ በኋላ መጣ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የክንዱ ንዝረት ነው። አቫታሩ መሬት ሲረግጥ፣ ስሜት ባላቸው ክንዶቻቸው ላይ የታሰሩ ትንንሽ መሣሪያዎች ይነዝራሉ። ንዝረቱ ለአሸዋ፣ ለሣርና ለአስፋልት ይለያያል። እግሩ የማይሰማው ሰው አሁን የረገጠው ሣር ይሁን አስፋልት በክንዱ ይለያል!

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ስምንቱም ከጉዳቱ በታች የተወሰነ ስሜት ተመልሶላቸዋል፤ አራቱ ጉዳታቸው «ሙሉ» ከሚባለው ወደ «ከፊል» ተሻሽሎ ተመድቧል። ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረ የቆቡን ድርሻ ከአካል ልምምዱ ድርሻ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ለዓመታት ያልታዘዘ ጡንቻ መታዘዙ ግን አያከራክርም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ስዊዘርላንድ ውስጥ አካል ጉዳተኞች በቴክኖሎጂ ታግዘው የሚፎካከሩበት ሳይባትሎን የሚባል ውድድር ተካሄደ። በአንዱ ዘርፍ ተወዳዳሪዎቹ የኮምፒውተር ጌም ላይ አቫታር በሐሳብ ያስሮጣሉ። ወርቁን የወሰደው የሎዛን ቡድን ለወራት የሠለጠኑ ሁለት ተወዳዳሪዎች ነበሩት። ማሽኑ ሰውየውን ይማራል፣ ሰውየውም ማሽኑን ይማራል፤ አሠልጣኞቹ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም ባይ ናቸው።

እዚያው ሎዛን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የኸርት-ያን ኦስካም ታሪክ ይፋ ሆነ። ኔዘርላንዳዊ ነው፤ በ2011 ቻይና ውስጥ በብስክሌት አደጋ ተጎድቷል። አንጎሉ ላይ የተተከለው መሣሪያ ትእዛዙን ህብለ ሰረሰሩ ላይ ወዳለው ማነቃቂያ ያስተላልፋል። ከ40 ክፍለ ጊዜ ሥልጠና በኋላ፣ መሣሪያው ጠፍቶ እንኳ በክራንች መራመድ ችሏል።

አሜሪካ ውስጥ የኦሃዮው ኢያን በርክሃርት ዕጣ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 አንጎሉ ውስጥ መሣሪያ ተተክሎለት፣ ለ15 ወራት በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ ሠለጠነ። ክንዱ ላይ በተጠመጠመ ኤሌክትሮድ አማካይነት ጡንቻዎቹ እየተነቃቁ በገዛ እጁ ከጠርሙስ ቀድቷል፣ የጊታር ቪዲዮ ጌም ተጫውቷል። ይህ ሁሉ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ገመዱ ሲነቀል እጁ ወደነበረበት ይመለሳል። በ2021 መሣሪያው ከአንጎሉ ወጣ።