«2000 ጊዜ ያጎላል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ከቀሃ ወንዝ ድንጋይ ላይ የሰበሰብኩትን ዲያቶም በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንስቼ ለአንድ ሰው አሳየሁት። ጥቂት አየና «መስመሮቹ ያልታዩት ያንተ 400 ብቻ ስለሚያጎላ ነው፤ 2000 የሚያጎላ ግዛ» አለኝ። ይህን ምክር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ከሻጭ ሰምቼዋለሁ፤ ከተማሪ ሰምቼዋለሁ፤ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ከሚውል የሙያ ባልደረባዬም ሰምቼዋለሁ። አምነውት ገንዘባቸውን ያወጡ ሰዎችን ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስለ ዲያቶም ብዙ አልልም። ቅርፊቱን ከመስታወት ዘመድ ከሲሊካ የሚሠራ፣ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ካለፈና ውሃው ከጠራ በኋላ ድንጋይ ላይ የሚወጣው ቡናማና የሚያዳልጥ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርጎ በብልቃጥ መያዝ ይበቃል። (ቦት ጫማና ጓንት አድርጉ። በጣና ዙሪያ ባሉ ውሃዎች ብልሃርዝያ አለ፤ የላቦራቶሪ ሰው ሆኜ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።) ቅርፊቱ ላይ በሥርዓት የተደረደሩ መስመሮች አሉ። ሲኔድራ ኡልና በሚባለው ረጅም ዝርያ ላይ በ10 ማይክሮሜትር (አንዱ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ውስጥ 10 ያህል መስመር ይቆጠራል። ኒትዝሺያ ፓሊያ በሚባለው፣ ቆሻሻ ውሃ በሚችለው ትንሽ ዝርያ ላይ ግን በዚያው ርዝመት ከ28 እስከ 40 መስመር ታጭቋል። የእኔ ፎቶ የዚህ የሁለተኛው ነበር።

ማጉላት ማለት ምስሉ ስንት እጥፍ ተልቆ ይታያል ማለት ብቻ ነው። ተጠጋግተው ያሉ ሁለት መስመሮች ሁለት ሆነው ይታዩ ይሆን ወይስ ተዋህደው አንድ ግራጫ ይሆኑ እንደሆነ ማጉላት አይናገርም። ያንን የሚወስነው ለይቶ የማሳየት አቅም ነው፤ ብዙዎች ሪዞሉሽን ይሉታል። የዚህ አቅም ቁጥር ሌንሱ ገላ ላይ ተቀርጿል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ሰው ነው። 40 ከሚለው አጠገብ 0.65፣ 100 ከሚለው አጠገብ 1.25 የሚሉት ናቸው። ሌንሱ ከናሙናው የሚወጣውን ብርሃን በምን ያህል ሰፊ አፍ እንደሚቀበል የሚነግረን ይህ ቁጥር ነው።

አውድማ ላይ የቆመ ገበሬን አስቡ። የተወቃውን በላይዳ ወደ ላይ ሲበትነው ከባዱ ፍሬ እግሩ ሥር ይወድቃል፤ ጭዱን ነፋሱ ያርቀዋል፤ የደቀቀው ደግሞ ከሁሉም ርቆ ይሄዳል። አሁን አንድ ሰው ቤት የሚመርግበት ደቃቅ ጭድ ሊሰበስብ መጣና ገበሬው እግር ሥር አንዲት ጠባብ ሰሌን አነጠፈ እንበል። የሚያገኘው ፍሬ ብቻ ነው። ብርሃንም በዲያቶም ቅርፊት ሲያልፍ እንዲሁ ይሆናል፤ ሰፋ ሰፋ ያሉ መስመሮች ብርሃኑን ጥቂት ያዘነብሉታል፤ የተጠጋጉት ግን ወደ ጎን አርቀው ይወረውሩታል። ሰሌኗ የሌንሱ አፍ ናት። የደቃቁ መስመር ወሬ ከሰሌኗ ውጭ ከወደቀ፣ ሰሌኗ ላይ ያለውን በትልቅ የዐይን ሌንስ ብታዩት የምታዩት ትልልቅ ፍሬ ነው። ጭዱ አልተሰበሰበም።

ምሳሌው ከዚህም በላይ ይሄዳል። ሰማያዊ ብርሃን መጠቀም ነፋሱን እንደማለዘብ ነው፤ ሞገዱ አጭር ስለሆነ ጭዱ ቀረብ ብሎ ይወድቃል። በሌንሱና ናሙናውን በሚሸፍነው ስስ መስታወት፣ በከቨር ስሊፑ መካከል ዘይት ማድረግም እንዲሁ ነው። ከናሙናው ሥር ሆኖ ብርሃኑን የሚያሰባስበውን ሌንስ፣ ኮንደንሰሩን ከመሃል አውጥቶ ብርሃኑን በአግድም መላክ ደግሞ ሰሌኗን ወደ አንድ ጎን ጎትቶ የዚያን ጎን ጭድ መያዝ ነው። የማይሄደው እዚህ ላይ ነው፦ ርቆ የተወረወረው ብርሃን ሌንስ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ብሎ ከመጣው ጋር እንደገና ሲገናኝ ነው መስመር የሚሣለው፤ መሰብሰብ ብቻውን ምስል አይሆንም። ይህን ያሳየው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ ነው፤ በ1873 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በጀርመኗ የና ከተማ።

ስሌቱ አጭር ነው። የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ለሌንሱ ቁጥር እጥፍ አካፍሉ። ለአረንጓዴ ብርሃን 0.55 ማይክሮሜትር ብንወስድ ባለ 0.65ቱ ሌንስ እስከ 0.42፣ ባለ 1.25ቱ የዘይት ሌንስ እስከ 0.22 ማይክሮሜትር ይለያል። ይህም ኮንደንሰሩ በሚገባ ሲከፈት ነው፤ ምስሉ «ጠቆር እንዲል» ብላችሁ የኮንደንሰሩን የብርሃን በር፣ ዲያፍራሙን ብትዘጉት ከዚህ ብዙ ታጣላችሁ። የኒትዝሺያ ፓሊያ መስመሮች ርቀት ከ0.25 እስከ 0.36 ነው። እንግዲህ በባለ 40 ሌንሴ አለመታየታቸው ስሌቱ አስቀድሞ የተናገረው ነው።

ታዲያ 2000 ከየት ይመጣል? ባለ 100 ሌንስ ላይ ባለ 20 የዐይን ሌንስ በመሰካት ነው። በተለምዶ የሚጠቅመው ማጉላት ከሌንሱ ቁጥር ከ500 እስከ 1000 እጥፍ ያለው ነው፤ ለ1.25 ይህ ከ625 እስከ 1250 ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ማጉላት ይባላል፤ ብዥታው ይተልቃል፣ አዲስ ነገር አይመጣም። የወባ ደም ናሙና የምንመረምረው በባለ 100 የዘይት ሌንስና በባለ 10 የዐይን ሌንስ፣ በ1000 ነው። የሰው ሕክምና የሚወሰንበት ሥራ በ1000 ከበቃው፣ ለዲያቶም ፎቶ 2000 ግዛ የሚል ሰው ምን እንዳሰበ ሊነግረኝ ይገባል።

«በእኔ ስልክ ግን ይበልጥ ይጎላል» ይለኛል ያ መካሪዬ። ወንድሜ፣ የስልኩ ሜጋፒክስል ቢበዛም ሌንሱ ያላስገባውን መስመር ሊያነሳ አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለይቶ ማሳየትም ብቻውን አይበቃም። ቅርፊቱ መስታወት መሰል ስለሆነ የስላይድ ማጣበቂያ ውስጥ ሲገባ መስታወት በመስታወት ውስጥ ይሆንና ይጠፋል። እኔ ሥጋውን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጠፋለሁ (ጠንካራው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዐይን ያጠፋል፤ መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት)፤ ደጋግሜ አጥቤ ከቨር ስሊፑ ላይ አደርቀዋለሁ፤ በአየር ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

ያንኑ የቀሃ ኒትዝሺያ እንደገና አነሳሁት። መጀመሪያ ባለ 40 ሌንሱን ከባለ 20 የዐይን ሌንስ ጋር አድርጌ፣ 800 ማለት ነው። ቅርፊቱ ትልቅ ነበር፤ ገጹ ግን ልሙጥ ግራጫ። ቀጥሎ ባለ 100ውን በዘይት ከባለ 10 የዐይን ሌንስ ጋር፣ በሰማያዊ ማጣሪያ፣ ኮንደንሰሩን ጥቂት ወደ ጎን ገፍቼ። ትኩረቱን በጥቂቱ ሳዞረው መጀመሪያ ከጫፉ በኩል፣ ከዚያ እስከ መሃል ድረስ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ መስመሮቹ ወጡ። በ10 ማይክሮሜትር ውስጥ 33 ቆጠርኩ። ከዚያ ይህን ሁለተኛ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አሳንሼ ከመጀመሪያው ጋር እኩል አደረግሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። መጠናቸው አንድ ነው፤ የአንደኛው ገጽ ልሙጥ ነው፣ በሌላኛው ላይ መስመሮቹ አሁንም ይቆጠራሉ።