ባቡር በቆመ ቁጥር «ክፍያው ይነሳ!»

ወደ መሃል ከተማ የሚገቡ መኪኖች የመጨናነቅ ክፍያ በሚከፍሉባቸው ከተሞች ባቡር ሲቆም ወይም ሠራተኛ አድማ ሲመታ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ለዛሬ እንኳ ክፍያው ይነሳ!» ሥራዬ ትራፊክ ነው፤ ይህን መስማት ሰልችቶኛል። በክርክሩ ከሁለቱም ወገን የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ማንም ከተማ አንስቶ አያውቅም።» ስህተት ነው። ሚላን በትራንስፖርት አድማ ቀናት ደጋግማ አንስታለች።

«ለንደንም በ2020 አንስታ ነበር።» አዎ፣ በኮሮና ጊዜ። ያኔ ግን ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ መንገዱም ጭር ብሎ ነበር።

«ትንሽ ብር ማንንም ከመንዳት አያስቀርም።» ስቶክሆልም በ2006 ለሰባት ወር ያህል ሞከረችው። ወደ መሃል ከተማ የሚገባውና የሚወጣው መኪና በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ሙከራው ሲያበቃ አብዛኛው ተመልሶ መጣ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው፦ «ሰዉ አማራጭ የለውም፤ ማስከፈል ግፍ ነው።» ሐዘኔታው ይገባኛል። ግን ክፍያው የተጣለው መንገዱ ከአቅሙ በላይ መኪና እንዳይገባበት ነው። ታዲያ ከዚያ ቀን የባሰ መቼ ሊጨናነቅ ነው? አንድ ሙሉ የምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሺህ ሰው ይይዛል። ያ ሁሉ ሰው አስፋልት ላይ ይወጣል።

አንድ የአድማ ቀን፣ ክፍያው በተነሳበት ከተማ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አረንጓዴ መብራት ሦስት ጊዜ በራ፤ አውቶቡሱ ንቅንቅ አላለም። ዙሪያውን ከከበቡት መኪኖች በአብዛኞቹ ውስጥ ያለው ሹፌር ብቻ ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ወረዱና በእግራቸው ቀጠሉ። አየህ፣ «አማራጭ የለውም» የተባለለት ሰው እኚህ እናት ናቸው። ምሕረቱ የደረሰው ግን ለባለመኪናው ነው። እሳቸው ጭራሽ አውቶቡሳቸውን ተቀሙ።

ጎርፍ ወይም እሳት መጥቶ ሰው ከተማውን ለቆ መውጣት ካለበት ሌላ ነገር ነው። ያኔ ያለ ምንም ማመንታት ይነሳ።

ለአድማ ቀን ግን የሚረዳው ሌላ ነው። አንዱን መስመር ለዚያ ቀን ለአውቶቡስ ብቻ ልቀቁ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው የጫነ መኪና በነጻ ይግባ። አካል ጉዳተኛና ሕክምና የሚሄድ በሽተኛም እንዲሁ። የወር ትኬት ለገዛው ያልተጠቀመበት ቀን ገንዘብ ይመለስለት። አድማው አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ከዋዜማው ምሽት በፊት ተናገሩ፤ ሰው ጎረቤቱን «ነገ አብረን እንሂድ?» የሚልበት ጊዜ ያገኛል።