የሆላንድ የላምና የሜዳ ሥዕል ፎቶ አይደለም

ስለ 17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ የገጠር ሥዕሎች ወሬ ሲነሳ አንዱ ብድግ ብሎ «ያኔ ካሜራ ስላልነበረ ያዩትን እንዳለ ነው የሳሉት» ይላል። ሥዕል ሳስተምር ይህን ያልሰማሁበት ዓመት የለም። በእውነት ሰልችቶኛል። ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልጨርስና ወደሱ ልምጣ።

«ሠዓሊዎቹ ገበሬዎች ነበሩ።» አልነበሩም። ሃርለም፣ አምስተርዳምና ዶርድሬክት የሚኖሩ ከተሜዎች ናቸው።

«ሥዕል የሚገዛው መኳንንት ብቻ ነበር።» ነጋዴውም የእጅ ባለሙያውም ገዝቶ ቤቱ ይሰቅል ነበር።

«ጥንት የነበረ፣ ሰው ያልነካው ሜዳ ነው።» ብዙው ሜዳ እኮ ሐይቅ ነበር! ቤምስተር የሚባለው ሐይቅ በ1612 ነው የደረቀው፤ ያውም በአምስተርዳም ነጋዴዎች ገንዘብና ውኃውን በሚያወጡ ከ40 በላይ የነፋስ ወፍጮዎች።

አሁን ወደ ዋናው። ሠዓሊው ፓውሉስ ፖተር በ1647 የሳለው ኮርማ ዘ ሄግ ከተማ ማውሪትስሆይስ ሙዚየም ውስጥ አለ። ወርዱ ወደ 3 ሜትር ከ40 ይደርሳል። ኮርማውን ዝንብ ከቦታል፣ ሣሩ ውስጥ እንቁራሪት አለች፣ እበቱ እንኳ አልቀረም። ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው፤ ዝንቧ እውነት ከመሰለች ሁሉም እውነት ይመስለዋል። ፖተር ግን መጀመሪያ ያሰበው ኮርማውን ብቻ ነበር። በጎቹን፣ ላሟንና ሰውየውን ያመጣው በኋላ ሸራ እየቀጠለ ነው። ኮርማው ራሱም አንድ እንስሳ አይደለም፤ እድሜያቸው ከተለያየ ከብቶች የተገጣጠመ ነው። ከብት ሲጠብቅ ላደገው አጎቴ ሥዕሉን በስልኬ ባሳየው፣ አፍታም ሳይቆይ «ይኼማ ከፊት ኮርማ፣ ከኋላ ወይፈን ነው» አለኝ። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፣ ከብት ግን ያውቃል።

እንዲህ የሚሆነው ደግሞ በአሠራራቸው ምክንያት ነው። ሜዳ ወጥተው በጠመኔና በቀለም ውኃ ንድፍ ይወስዳሉ፣ በዘይት ቀለም የሚሥሉት ግን ቤት ገብተው ነው። ሜዳ ይዞ ለመውጣት የሚመች፣ በቱቦ የታሸገ የዘይት ቀለም የመጣው ገና በ1841 ነው። ቤት ውስጥ ከሆኑ በኋላ የዚህን ላም ከዚያ ዛፍ ጋር ማገናኘት የሚከለክላቸው የለም። አልበርት ኩይፕ ጣሊያን ሳይሄድ ከሮም የተመለሰውን ያን ቦት የሚባል ሠዓሊ ወርቃማ ብርሃን ወስዶ የዶርድሬክት ላሞች ላይ አፈሰሰው። ያኮብ ቫን ራውስዳል ድንበር ተሻግሮ ጀርመን ያለውን የቤንትሃይም ግንብ በዓይኑ አይቷል፤ በ1653 ሲሥለው ግን ዝቅ ያለችውን ኮረብታ ተራራ አደረጋት።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥዕል ስታዩ «ይህ የት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ጥላው ወዴት እንደወደቀ እዩ፣ ብርሃኑ የሆላንድ ይመስላል ወይ በሉ። ከብቶቹን አንድ በአንድ እዩ፣ ከብት የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ደግሞ እሱን ጠይቁ። ከዚያ ሥራውን ፈልጉ፦ ቦዩን የሚቆፍረው ሰው የት አለ? አብዛኛውን ጊዜ አታገኙትም፤ ገዢው ከተሜ ሳሎኑ ውስጥ ድካም ማየት ብዙም የሚፈልግ አይመስልም። ገደልና ፏፏቴ ካያችሁማ ጠርጥሩ። የራውስዳል ፏፏቴዎች የመጡት ኖርዌይና ስዊድን ደርሶ ከተመለሰው ከአላርት ቫን ኤቨርዲንገን ሥዕሎች ነው፤ ራውስዳል ራሱ እዚያ ረግጦ አያውቅም።