የተነጠለ ወታደር፦ ጉልበት ነው ወይስ ጉድለት?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቼዝ በተዘረጋበት ሁሉ የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ «ይህ ወታደር ሞቷል» ይላል፤ ባለቤቱ «የምተማመነው በእሱ ነው» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

የተነጠለ ወታደር ማለት በግራና በቀኙ ባሉት ዓምዶች (ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው በሚዘልቁት የካሬ መስመሮች) ላይ የወገን ወታደር የሌለው ነው፤ ወንፈል የሚገባለት ጎረቤት እንዳጣ ገበሬ። ሲጠቃ የሚጠብቁት ትልልቆቹ ጠጠሮች ብቻ ናቸው።

የነጭ ወታደር ዲ4 ላይ (በዲ ዓምድ ከነጭ በኩል አራተኛው ካሬ) ብቻውን ቆሟል እንበል። ኢ5 ላይ ለሚያርፍ ፈረስ ደጀን ይሆናል፤ በሲ እና በኢ ዓምዶችም ግንቦቹን የሚዘጋ የራሱ ወታደር የለም። ስለዚህ ነጭ ጠጠሮቹን ሳይለዋወጥ ማጥቃት፣ ሲመቸውም ወታደሩን ወደ ዲ5 መግፋት አለበት። ጥቁር በበኩሉ ዲ5 ላይ ፈረስ ይተክላል፤ ያንን ፈረስ በወታደር የሚያባርረው የለም። ከዚያ የቻለውን ያህል ይለዋወጣል። ጠጠር ባነሰ ቁጥር የነጭ ጥቃት ይከስማል፤ ወታደሩ ግን ጠባቂ ፈላጊ ሆኖ ይቀራል።

የጠጠሮቹን ዋጋ ብቻ፣ ንግሥት 9 ነጥብ፣ ግንብ 5 እያለ የሚደምር ሰው (በየቡና ቤቱ ሞልቷል) ይህን አያየውም፤ በእሱ ሒሳብ ነጭና ጥቁር እኩል ናቸው።